በቁሟ ተዝካር የወጣላት

ባሪሳል፣ ፌብሩዋሪ 1928

እናታችን ዱርጋ ትጠብቅሽ።

ለተባረክሽው ለሂሮንሞዪ፣

ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኝሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ዘንድሮ ሩዙ ክፉ አይደለም፤ ወንዙም ከመሬታችን ብዙ አልቆረሰም።

የምጽፍልሽ በአባትሽ ታዝዤ ነው። እሳቸው ራሳቸው አይጽፉም፤ ወንድሞችሽም እንዳይጽፉ ተከልክለዋል። እኔ የአያትሽ ወንድም የልጅ ልጅ ነኝና፣ ዝምድናው ራቅ ስለሚል ነገሩ በእኔ በኩል ቢያልፍ ይሻላል ተብሏል። የትምህርት ቤት መምህር መሆኔም ለዚህ ሥራ ሳያሳጨኝ አልቀረም።

ገና በልጅነትሽ ባልሽ ሞቶ ነጭ ከለበስሽ በኋላ አባትሽ ካልካታ የላኩሽ፣ የመበለቶች ትምህርት ቤት ገብተሽ መምህርት እንድትሆኚ ነበር። ትምህርቱን ትተሽ የፊልም ተዋናይ መሆንሽን የሰማነው ከገበያ ነው። ጨርቅ ነጋዴው ሥዕልሽ ያለበትን ማስታወቂያ ዕቃ ጠቅልሎበት መጣ።

ባለፈው ወር አባትሽ ከሣር የሰው ምስል አሠርተው በወንዙ ዳር አቃጠሉት። ወንድሞችሽ ራሳቸውን ተላጩ። ካህኑ ስምሽን ጠርቶ የሙታን ጸሎት አደረሰ፤ ተዝካርሽም ወጣ፤ ሰፈሩ መጥቶ በላ። ስለዚህ በዚህ ቤት ሂሮንሞዪ የምትባል ልጅ ሞታለች።

ሁለት ነገር እንድነግርሽ ታዝዣለሁ። ዳሽጉፕቶ የሚለውን የቤታችንን ስም በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ እንዳታወጪው። ለእናትሽም እንዳትጽፊ፤ ማንበብ ስለማይችሉ ሌላ ሰው ማንበቡ አይቀርም።

እኔ በበኩሌ የምጨምረው የለኝም። እናትሽ ደህና ናቸው። እዚያ ብርዱ እንዴት ነው?

ኪቲሽቾንድሮ ዳሽጉፕቶ


ካልካታ፣ ኤፕሪል 1928

ለተከበሩ ለታላቅ ወንድሜ ለኪቲሽ ዳዳ፣

እግርዎን ዳስሼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

መሞቴን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ለሟች አንድ የሚቀላት ነገር አለ፤ ማንም ብዙ አይጠብቅባትም። ስሙን አልጠቀምበትም። እዚህም ረጅም ስም አይወዱም።

በገበያው፣ «ሰው አታሏት ሄደች» ተብሎ ከተወራ ውሸት ነው። ትምህርት ቤታችን ቶሊጋንጅ ውስጥ ነበር፤ ከአጥሩ ወዲያ የፊልም ስቱዲዮ አለ። ስቱዲዮ ስልዎ ጣሪያ የሌለው ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ፀሐዩን በነጭ ጨርቅ እያለዘቡ፣ በመስተዋት እያዞሩ ይሠራሉ። አንድ ቀን ልብስ ላሰጣ ወጥቼ አየኋቸው። በማግስቱ የሚሰጣ ልብስ ሳይኖረኝ ወጣሁ። በሳምንቱ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ሌላ ታሪክ የለውም።

አሁን በፊልም እንደ ዱርጋ ያለች አምላክ እናት ሆኜ እጫወታለሁ። መስተዋት ተሸካሚዎቹ ጠዋት ጠዋት እግሬን ዳስሰው ይሳለማሉ። ቤት አከራዮቹ ደግሞ «እንዲህ ላለች ሴት ክፍል የለኝም» ይሉኛል። ሁለቱንም ለምጃለሁ።

መበለት የማትበላውን ዓሣ እበላለሁ። ከሌላ ከሚሰሙ ከእኔ ቢሰሙ ይሻላል ብዬ ነው።

ለእናቴ እንዳልጽፍ ታዝዣለሁ። ስለ እናቴ መጠየቅ ግን አልተከለከልኩም። ጉልበቷ እንዴት ነው?

ሂሩ


ባሪሳል፣ ዲሴምበር 1929

እናታችን ዱርጋ ትጠብቅሽ።

ለተባረክሽው ለሂሩ፣

መልሴ እጅግ ዘግይቷል፤ ይቅር በይኝ። ፖስተኛው ደብዳቤሽን ለአባትሽ ነበር የሰጠው። እሳቸውም ሳይከፍቱ ሰጡኝ፤ ግን ሲሰጡኝ ያዩኝን አስተያየት ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም። ከእንግዲህ በትምህርት ቤቱ አድራሻ ጻፊ።

ባለፈው ወር ባሪሳል ከተማ የፊልም ድንኳን ተተከለ። ለፈተና ወረቀት ግዢ ሄጄ ነበር፤ ገባሁ። አንቺን አየሁሽ። ትንሽ ቆይቼ እንደምወጣ አስቤ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ሳንቲም ወደ መጋረጃው ይወረውሩ፣ እጃቸውን አጋጥመው ይሰግዱልሽ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልበል። ውሃ ቀድተሽ ስትመለሺ ማድጋውን የተሸከምሽው በራስሽ ላይ ነው። ከጎኔ የተቀመጠው ጀልባ ቀዛፊ፣ «ይህቺ ሴት ውሃ ቀድታ አታውቅም» አለ። ማድጋሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ከወንዙ ደረጃ ስትወጪ ስንት ዓመት እንዳየሁሽ ልነግረው አልቻልኩም።

የእናትሽ ጉልበት ከበፊቱ ይሻላል። ከከተማ ስመለስ ምን አይተህ መጣህ ብለው ጠየቁኝ። ስሄድ ስመጣ ጠይቀውኝ አያውቁም። «ወረቀት ገዛሁ» አልኳቸው። «እሱንማ ተሸክመኸዋል» አሉኝ።

ኪቲሽ


ካልካታ፣ ኦገስት 1932

ለተከበሩ ለኪቲሽ ዳዳ፣

እግርዎን ዳስሼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔም ዘገየሁ፤ ተካካስን። ስለ ማድጋው ልክ ነዎት። ያኔ ለዳይሬክተራችን ነግሬው ነበር። «ወገብሽ ላይ ሲሆን ፊትሽን ይጋርደዋል» አለኝ። ማድጋ ወገብ ላይ ሆኖ ፊት እንዴት እንደሚጋርድ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ፊልም አሁን ይናገራል። ጣሪያም አበጁለት፤ የቁራ ድምፅ እንዳይገባ። ቤንጋሊ የማይችሉት ተዋናዮች ሁሉ እንጀራቸው ተዘጋ። እኔ ቤንጋሊ እችላለሁ ብዬ ኮራሁ፤ አፌን ስከፍት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የባሪሳል አነጋገሬ ነው። «አምላክ እናት ከጀልባ ወርዳ ነው እንዴ የመጣችው?» አሉ። አንድ ሽማግሌ ቀጥረው እንደ ካልካታ ሰው መናገር አስተማሩኝ። ቻልኩበት። ለብቻዬ ስሆን ግን በራሴው ነው የምናገረው።

ዋናው ወሬ ይህ አይደለም። በማርች ግድም ዳይሬክተራችን ከስቱዲዮው ባለቤት ከቦጆ ባቡ ጋር ተጣልቶ፣ ፊልሙን መሐል ላይ ጥሎ ቦምቤይ ሄደ። ቦጆ ባቡ ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

«የቀሩትን ትዕይንቶች አሁን ማን ያውቃቸዋል?» አለ።

«እኔ» አልኩት።

«አንቺማ የራስሽን ነው።»

«የሁሉንም።»

«ወንዶቹ ሴት ትዘዘን ይላሉ?»

ካሜራማናችን ፎኒ ባቡ ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ፣ «እስከ ዛሬስ ማንን ስንሰማ የኖርን መሰለህ?» አለው።

ጨረስኩት። ወጣ፤ ሰው ወደደው። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የቦምቤዩ ሰውዬ ስም ነው። ለቦጆ ባቡ ሁለተኛውን የምሠራው በስሜ ከሆነ ብቻ ነው አልኩት። «ስምሽ ግማሽ ነው» አለኝ፤ «የቤት ስም የሌላት ዳይሬክተር ማን ያምናል?» «ግማሹን ጻፈው» አልኩት። አሰበበት። ጻፈው።

ከእንግዲህ ፊቴን በማስታወቂያ ላይ አታዩትም። አባቴ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው እንደሆነ አላውቅም።

ሂሩ


ባሪሳል፣ ጃኑዋሪ 1934

እናታችን ዱርጋ ትጠብቅሽ።

ለተባረክሽው ለሂሩ፣

አባትሽ በኖቬምበር አረፉ። ልባቸው ነው። ለብዙ ሰው መድኃኒት ሲቀምሙ የኖሩ ሐኪም ነበሩ፤ ለራሳቸው አንድ ቀን እንኳ ሳይቀምሙ ሄዱ። ሥርዓቱ ሁሉ በአግባቡ ተፈጽሟል።

ያኔውኑ ያልጻፍኩልሽ ወንድሞችሽ ስለ ከለከሉኝ ነው። መርዶ ለሟች አይነገርም አሉ። ልከራከራቸው ፈልጌ ነበር፤ ሰዓቱ የክርክር አልነበረም።

ያቀበልሺኝን ወሬ ለአባትሽ አልነገርኳቸውም። ለእናትሽ ግን ከሐዘኑ በኋላ፣ ሩዝ ሲያበጥሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ነገርኳቸው። ስምሽን አልጠራሁም፤ እሳቸውም አልጠሩም።

«ያቺ ካልካታ ያለችው አሁን አትጫወትም» አልኳቸው።

«ምን ትሠራለች ታዲያ?»

«ታዛለች። እዚህ ቁም፣ እዚያ ተቀመጥ፣ አልቅስ፣ ተው በቃ ትላለች።»

«ማንን?»

«ሁሉንም። ወንዶቹንም።»

ሰፌዱን ጥቂት ነቀነቁ። «እዚህ እያለችም እንዲሁ ነበረች» አሉ። «ያኔ ማንም አይሰማትም ነበር እንጂ።»

ኪቲሽ


ካልካታ፣ ጁላይ 1936

ለተከበሩ ለኪቲሽ ዳዳ፣

እግርዎን ዳስሼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ስለ አባቴ የጻፉልኝን ካነበብኩ በኋላ መልስ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። አልመጣልኝም። ይህንንም አምላክ ይቅር ይበለኝ።

ሥራው ይቀጥላል። በስሜ የወጡ ፊልሞች አሉ። ቤተ መንግሥት ሁሉ ካርቶን ነው፤ ጨረቃዋም ካርቶን ናት። ሰለቸኝ። አሁን ቦጆ ባቡን ለምኜ፣ አስፈራርቼም፣ አንድ የራሴን ታሪክ አስፈቀድኩ። ባሏን ወንዝ የወሰደባት ሴት ናት፤ ጀልባውን አንሥታ ራሷ መቅዘፍ ትጀምራለች፤ መንደሩ መጀመሪያ አይሳፈርላትም። ንግግሩ ሁሉ በእኛ አገር አነጋገር ነው። ቦጆ ባቡ፣ «ካልካታ ማን ይሰማዋል?» አለ። «የሰማ ይስማ» አልኩት።

ይህን በካርቶን ወንዝ ላይ አልሠራም። ሰዎቼን ይዤ መምጣት እፈልጋለሁ። ወደ ቤት ልምጣ አላልኩም። አንድ ግቢና ጥቂት ጥሩ ቀዛፊዎች ይፈልጉልኝ ብዬ ነው የምጠይቅዎ።

ሂሩ


ባሪሳል፣ ኦገስት 1936

ለተባረክሽው ለሂሩ፣

እናታችን ዱርጋ ትርዳሽ። በዚህኛው ቶሎ መለስኩ።

ወንድሞችሽን አማከርኳቸው። ታላቅየው፣ «የተቃጠለ ሰው በጀልባ ተመልሶ ሲመጣ አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። ከወንዙ በዚህኛው በኩል ቤት የሚሰጥሽ የለም፤ ሁሉም የእነሱን ዓይን ያያል።

በወዲያኛው በኩል ግን ሞፊዙዲን ሚያ አለ። አባትሽ አንድ ጊዜ ሚስቱን ከወባ አድነውለታል፤ አንቺንም በልጅነትሽ ያውቅሻል። ነገርኩት። «ግቢው የእሷ ነው፤ ላሞቹን ብቻ እንዳታስደነግጥብኝ» አለ። ቀዛፊዎቹንም እሱ ይይዝልሻል። የክረምቱ ውሃ ሲጎድል፣ ከዱርጋ በዓል በኋላ ኑ።

ከእሱ ግቢ የእኛ ቤት የወንዝ ደረጃ በደንብ እንደሚታይ አስቀድመሽ ማወቅ ያለብሽ ይመስለኛል።

ኪቲሽ


ካልካታ፣ ፌብሩዋሪ 1937

ለተከበሩ ለኪቲሽ ዳዳ፣

እግርዎን ዳስሼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሞፊዙዲን ሚያን ደግመው ያመስግኑልኝ። ላሞቹን ፎኒ ባቡ ነው ያስደነገጣቸው፤ እኔ የለሁበትም።

እርስዎ በጀልባ እየመጡ ሲጠይቁን ያልነገርኩዎ ነገር አለ። ፊት ለፊት መናገር ከበደኝ።

ከመጣን ጥቂት ቀን እንደሆነ፣ ረፋድ ላይ፣ ፎኒ ባቡ የሩቁን በሚያቀርበው ሌንስ ጀልባ ይከተል ነበር። ቆም አለና፣ «ማዶ አንዲት አሮጊት ከደረጃው እየወረደች ነው፤ ብርሃኑ ግሩም ነው፤ ላንሳት?» አለኝ። ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። እናቴ ነበረች።

አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ በየደረጃው እያረፈች ወረደች። ውሃው ወገቧ እስኪደርስ ገባች። ፊቷን ወደ እኛ አዞረች። ከዚያ ወጣች።

«አንሳ» አልኩት። ማን እንደሆነች አልነገርኩትም። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ወረደች፤ እንደገና አነሣን። እስክንሄድ ድረስ አልቀረችም። አልተሻገርኩም።

አሁን የፊልሙ ቁርጥራጭ ሲገጣጠም ቦጆ ባቡ ያን አይቶ፣ «ከፊልሙ ሁሉ ይህ ይበልጣል» አለ። የዋናዋ ሴት እናት ማዶ ቆማ ስታያት ይሆናል፤ በትክክል ይገባል። ግን የክቡር ቤት ሴት በየገበያው ድንኳን እርጥብ ልብስ ለብሳ ትታያለች። እሷን ሳልጠይቅ አንሥቻለሁ፤ ሳልጠይቅ ግን ላሳይ አልፈልግም። እባክዎ ይጠይቁልኝ። ከፊልሙ ቁረጪው ካለች እቆርጠዋለሁ። ፊልሙ በኤፕሪል መጨረሻ ይወጣል፤ ቦጆ ባቡ ከዚያ በላይ አይጠብቀኝም።

ሂሩ


ባሪሳል፣ ጁን 1937

እናታችን ዱርጋ ትጠብቅሽ።

ለተባረክሽው ለሂሩ፣

የሰጠሽው ቀን ማለፉን አውቃለሁ። ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል። መጠየቅ ነው ያቃተኝ። በዚህ ቤት ስምሽ ሳይነሣ ይህን ማንሣት አይቻልም፤ ወንድሞችሽ ደግሞ ከጓዳ አይጠፉም። ባለፈው ሳምንት ለሠርግ ሄዱና ቤቱ ባዶ ሆነልኝ።

«አክስቴ፣ በዚያ ሰሞን ማዶ የነበሩት ሰዎች እርስዎን ከደረጃው ሲወርዱ አንሥተዋል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። እኔ እኮ ስንት ዘመን የምታጠበው ከጓሮ ኩሬ ነው። ጉልበቴ ደረጃ አይችልም።»

ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስንት ዓመት አብሬያቸው ስኖር አላስተዋልኩትም።

«ታዲያ ያን ሰሞን ምን ሊያደርጉ ወረዱ?»

«ልታየኝ ብዬ ነዋ» አሉ። ከዚያ፣ «ፊቴ ይለያል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ከሩቅ ነው ትላለች።»

«ከሳሁ እንዴ?»

«እሱን አልጻፈችም።»

«ከሳች እንዳትል ሁለት ሳሪ ደርቤ ነበር» አሉ። «ፊልሙ ውስጥ ይቆይ በላት። አትቁረጠው።»

የመለሱት ይህን ነው፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ኪቲሽ


ካልካታ፣ ጁላይ 1937

ለተከበሩ ለኪቲሽ ዳዳ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ከፊልሙ አውጥቼው ነበር። መልስ ሲጠፋ እምቢ ማለቷ ነው ብዬ ቆረጥኩት፤ ፊልሙም ያለ እሱ ወጣ። ካልካታ ሰዉ ሳቀ። አንድ ጋዜጣ ከቤንጋሊ ወደ ቤንጋሊ የሚያስተረጉም ሰው ይቀጠር ብሎ ጻፈ። ወደ ምሥራቅ የሄደው ቅጂ ግን፣ ዳካ ላይ ሰዉ በሩን እስከ መስበር ደርሷል ይላሉ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ፎኒ ባቡና እኔ ቁርጥራጩን ፈልገን፣ ባሪሳል በሚመጣው ቅጂ ላይ መልሰን ቀጠልነው። ቦጆ ባቡ አያውቅም። እናቴን ይዘው ይሂዱ።

ሂሩ


ባሪሳል፣ ኦክቶበር 1937

ለተባረክሽው ለሂሩ፣

አልሄዱም። «ራሴን አይቼ ምን ላደርግ? ያየኝ አይቶኛል» አሉ። እኔ ብቻ ሄድኩ። ያ ትዕይንት ሲመጣ በድንኳኑ ውስጥ የሚያስል እንኳ አልነበረም። አሁን የእናትሽ ዓይን ትንሽ ደክሟልና፣ እዚያ ጥሩ የዓይን ጠብታ ከተገኘ ላኪ።

ኪቲሽ


ባሪሳል፣ ማርች 1950

እናታችን ዱርጋ ትጠብቅሽ።

ለተባረክሽው ለሂሩ፣

በጦርነቱ ዘመን ደብዳቤያችን ሳሳ፤ ከዚያ ወዲህም አልደለበም። የስቱዲዮው መጋዘን ተቃጥሎ የድሮ ፊልሞችሽ ሁሉ እንደ ጠፉ የጻፍሽልኝ ደርሶኝ ነበር። ምን ብዬ እንደማጽናናሽ ሳስብ አገር ለሁለት ተከፈለ። አሁን ካልካታ ውጭ አገር ሆነች፤ እዚህም ፓኪስታን። ወንዙ ግን አንዱ ነው።

በሂንዱና በሙስሊሙ መካከል ጊዜው ከፍቷል፤ ዝርዝሩን ጋዜጣ ላይ አንብበሽዋል። ሂንዱ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ሄዱ። ወንድሞችሽ ድንበሩን አልፈው ወደ አጋርታላ ተሻግረዋል። ቤት እንደያዙ እናታችንን እናስመጣለን ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው የለም።

በዚህ ሁሉ ዓመት ለራሴ ምንም ጠይቄሽ አላውቅም፤ አሁንም ለራሴ አይደለም። እናትሽን ተቀብለሽ ማኖር ትችያለሽ ወይ? እሳቸውን አስቀድሜ ጠይቄያለሁ። «ታስገባኝ ይሆን?» ነው ያሉት።

ኪቲሽ


ቴሌግራም፣ ካልካታ፣ ማርች 1950

እናቴ ትምጣ። እርስዎም ይምጡ። ጣቢያ እጠብቃለሁ። ሂሩ


ካልካታ፣ ኦገስት 1950

ለተከበሩ ለኪቲሽ ዳዳ፣

እግርዎን ዳስሼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ተማሪ ሳለ መምህር አይሄድም ብለው መቅረትዎን እናቴ ነግራኛለች። ተማሪዎቹ ምን ያህል እንደቀሩ ግን አልነገረችኝም። ሞፊዙዲን ሚያ እስከ መርከቡ ድረስ ራሱ ቀዝፎ እንዳደረሳት ሰማሁ፤ እግሩን ይዳስሱልኝ።

ሺያልዳ ጣቢያ በየመድረኩ ከእናንተ በኩል የተሰደደ ሰው ተኝቶበታል፤ ማለፊያ የለም። ለይቼ ያወቅኋት በአረማመዷ ነው። እሷ አላወቀችኝም። ፀጉሬ ሸብቷል፤ መነጽር አድርጌያለሁ። «ሂሩ ነኝ» አልኳት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣ «አባትሽን መስለሻል» አለች።

እነሆ አብረን እንኖራለን። ዓሣ የሚገባበት ወጥ ቤት ስለሆነ የእኔን ምግብ አትቀምስም። በረንዳው ላይ ትንሽ ምድጃ አበጅታ፣ በራሷ ማሰሮ ለብቻዋ ታበስላለች። እኔ ውስጥ እበላለሁ፤ እሷ ውጭ ትበላለች፤ በሩን ክፍት አድርገን እናወራለን። ስለ ጨው፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤት ፍየል። ስለ ሥራዬ አትጠይቀኝም፤ እኔም አላነሣባትም።

ሂሩ


ባሪሳል፣ ጃኑዋሪ 1951

ለተባረክሽው ለሂሩ፣

በሩ ክፍት መሆኑ ይበቃል። እኔ ደህና ነኝ። ትልቁን ክፍል ዘግቼ ሁሉንም በአንድ ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ። የወንድሞችሽን አድራሻ ካገኘሽ ላኪልኝ፤ እናታቸው የት እንዳሉ ሊነገራቸው ይገባል። ለእናትሽ፣ የጎመን ዘሩ በቅሏል በያቸው።

ኪቲሽ


ካልካታ፣ ዲሴምበር 1952

ለተከበሩ ለኪቲሽ ዳዳ፣

እግርዎን ዳስሼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርዎ።

ለረጅም ጊዜ ያልጻፍኩት ታይፎይድ ይዞኝ ነው። አሁን ድኛለሁ። ገና አልጠነከርኩምና ጽሕፈቴን ይታገሱ።

በዚህ ዓመት ስለ ሺያልዳ ጣቢያ ሰዎች አንድ ፊልም ጀምሬ ነበር። ቦጆ ባቡ አልወደደውም፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ለምን ችግር ያያል አለ። ግማሽ ላይ ስደርስ ወደቅሁ። ወዲያው ሮቶን የሚባለውን አማቹን ሾመበት። ሮቶን ዘፈን ሊጨምርበት አስቦ ነበር፤ መድረኩ ላይ የሚጨፍሩ ሴቶችም። ይህን እኔ አልሰማሁም፤ አልጋ ላይ ነበርኩ። ፎኒ ባቡ ሊጠይቀኝ መጥቶ በረንዳው ላይ ለእናቴ ነገራት።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ራሱ ፎኒ ባቡ ነው። እናቴ በማግስቱ ጎረቤታችንን አጠገቤ አስቀምጣ፣ ሪክሾ ተሳፍራ ወጣች። እዚህ ከመጣች ከግቢ ወጥታ አታውቅም። ስቱዲዮ ገብታ፣ «የልጄ ወንበር የቱ ነው?» ብላ ጠየቀች። አሳዩአት። ተቀመጠችበት። መቁጠሪያዋን አውጥታ ጸሎቷን ጀመረች።

ሮቶን መጣ። «አያቴ፣ እባክዎ ይነሡልኝ፤ ሥራ ልጀምር ነው» አላት።

«የምን ሥራ?»

«ዳይሬክተሩ እኔ ነኝ።»

«ዳይሬክተሯ ታማለች።»

«አዎ፤ እስክትድን ድረስ እኔ…»

«እስክትድን እኔ ተቀምጫለሁ። አንተ ሂድና ቁርስህን ብላ።»

ነጭ የለበሰች አሮጊት እጇን ይዞ የሚያስነሣ ማን ደፋር ይገኛል? ሠራተኞቹ ሁሉ ሥራ የበዛባቸው መሰሉ። ሮቶን ሌላ ወንበር ይምጣልኝ ቢል፣ በስቱዲዮው ሌላ ወንበር ጠፋ። ቦጆ ባቡ ራሱ ተጠርቶ መጣ። እሱ እንደሚያውቀው እኔ ወላጅ የለኝም፤ በወጣትነቴ እንዲያ ነበር የነገርኩት።

«እናታችን፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አላት።

«ሂሮንሞዪ ዳሽጉፕቶን የወለድኩ ነኝ።»

«ወላጆቿ የሉም ሲባል ነበር የሰማሁት።»

«ሰው ብዙ ያወራል» አለችው። «አንተም ሽማግሌ ነህ፤ ፀሐይ ላይ አትቁም።»

ትኩሳቱ እስኪለቀኝ ድረስ በየቀኑ ሄደች። ጠዋት በረንዳው ላይ ምግቧን አብስላ፣ ለእኔ የገብስ ውሃ ሰጥታኝ ትወጣለች። ስለ እኔ ልትጸልይ ቤተ መቅደስ የምትሄድ መስሎኝ ነበር።

መቆም የቻልኩ ቀን ፎኒ ባቡ መጥቶ ወሰደኝ። አዳራሹ ውስጥ መብራቱ ጠፍቶ፣ ሰዉ ጥግ ጥጉን ካርታ እየተጫወተ፣ እሷ መሐል ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯ መሬት አይደርስም። አየችኝ። ተነሣች።

«ይህ ዕቃ ወገብ ይሰብራል። ስንት ዓመት ነው የተቀመጥሽበት?» አለችኝ።

«ብዙውን ጊዜ ቆሜ ነው» አልኳት።

«ይሻላል። በይ እዘዢያቸው፤ ሰዎቹ ሥራ ፈተዋል።»

አዘዝኳቸው። መብራቱ በራ። ቦጆ ባቡ ስለ ዘፈኑ ከዚያ ወዲህ አላነሣም።

ምግቧን አሁንም ለብቻዋ ነው የምታበስለው፤ እንደሚመስለኝ እስከ መጨረሻውም እንደዚያው ነው። ትናንት ጠዋት ግን ልወጣ ጫማዬን ሳደርግ፣ ቀድማኝ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። የታጠበ ሳሪዋን ለብሳለች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ዛሬ አሮጊቷ ከባቡር የምትወርድበትን ነው የምትሠሩት። ፎኒ ነግሮኛል።»

«አዎ።»

«አሮጊት ሆና የምትጫወተው ልጅ የካልካታ ልጅ ናት። ስትለማመድ ሰማኋት፤ የባሪሳል ሰው እንደዚያ አያለቅስም» አለች። «አስተምራታለሁ። ሪክሾ ጥሪ።»

ሂሮንሞዪ ዳሽጉፕቶ